ጡረተኛው ብር

ጋሽ ዳኛቸው ፊት «ሙት ብር» የሚል ሰው ሁለተኛ ሻይ አይጋበዝም። ይህን እኔ ጎማ ለጣፊው አለሙ፣ ከእሳቸው ጋር አንድ አጥር የምጋራው ጎረቤታቸው፣ በራሴ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ። መንግሥት የሻረውን፣ ባንክ አልቀበልም ያለውን፣ የገዛ አገሩ የረሳውን የወረቀት ገንዘብ ሁሉ እሳቸው «ጡረተኛ» ነው የሚሉት። ምክንያታቸው አጭር ነው። እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድተው ዛሬ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ታዲያ ሞቱ ማለት ነው?

ሚስታቸው እትዬ ዝናሽ ግን ይህን ክርክር ሰምተው አያውቁም። ሙት ብር ሙት ብር ነው፤ አለቀ። ሻዩን የሚያፈሉት እሳቸው ስለሆኑ ደግሞ የሚከለክላቸው የለም። እንግዳ መጥቶ አልበሙ ሲገለጥ ባዩ ቁጥር «ደግሞ የሙታኑን መዝገብ አወጣህ?» ይላሉ። በእኛ ሰፈር በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ሴቶች ባላቸውን አንቱ ነው የሚሉት። እትዬ ዝናሽ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንተ ብለዋቸዋል፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አልበሙ ራሱ አንድ የጠብ ምንጭ ነው፤ የሠርጋቸው አልበም ነበራ። ወረቀቶቹ ሲበዙና ማኖሪያ ሲጠፋ ጋሽ ዳኛቸው አንድ ቀን የሠርጉን ፎቶዎች አንድ በአንድ አወጡና በምትካቸው የዓለምን መንግሥታት አስገቡ። ሚዜውም፣ አማቱም፣ ሙሽሪትም በፌስታል ታስረው ሳጥን ውስጥ ወረዱ። እትዬ ዝናሽ ይህን ይቅር ያሉት ይመስላሉ እንጂ ይቅር አላሉም። «እኔን ከቤቴ አስወጥቶ ኬንያን አስገባ» እያሉ ለስንት ሰው ተናግረዋል።

እኔ ግን አልበሙን እወደዋለሁ። ጋሽ ዳኛቸው ዕድሜ ልካቸውን ጅቡቲ፣ አሰብ፣ ሞያሌና መተማ ሲመላለሱ ያገኙት አለ፤ ሌሎች ሹፌሮች «የዳኜ በሽታ» እያሉ ያመጡላቸው አለ። በሶሻሊስቱ ዘመን የመጡ ባለሙያዎች ትተውት የሄዱት የሩሲያ ሩብል አለ። የፕሬዚዳንቱ ፊት በመቁረጫ ተበስቶ የወጣበት የዛየር ወረቀት አለ፤ እትዬ ዝናሽ እሱን ሲያዩ «ይኸው፣ ራሱን አጥቶም ጡረተኛ ነው ይለኛል» ይላሉ። ዜሮው ተዘርቶ የበቀለ የሚመስል የዚምባብዌ ወረቀት አለ። አንድ የገጠር ዘመዳቸው ያን ያህል ገንዘብ ስንት በሬ እንደሚገዛ ጠይቆ፣ በዘመኑ እንኳ ከዳቦ ያለፈ እንዳልገዛ ሲነገረው ለቀረው ቀን ሁሉ ከፍቶት ዋለ።

ከቤተ ክርስቲያንም ይመጣል። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ከሳንቲሙ መካከል የማን አገር እንደሆነ የማይታወቅ ወረቀት ሲገኝ፣ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች «ለዳኛቸው» ብለው ለብቻው ያስቀምጡታል። እሳቸው በምትኩ የሚሠራ ብር ይዘው ይሄዳሉ። ስለት የገባው ሰው ምን አስቦ የሌላ አገር ገንዘብ እንደከተተ አንድዬ ይወቅ፤ ጋሽ ዳኛቸው ግን ቅዱሳን ቋንቋ አይመርጡም ባይ ናቸው።

ብራችን የተቀየረ ጊዜ ደግሞ ቤታቸው የልቅሶ ቤት ሆኖ ሰነበተ። ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ በዋንጫ ውስጥ፣ በትራስ ውስጥ፣ በጎታ ሥር አሮጌ ብር ያገኘ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። የሚሰጡት መፍትሔ አልነበራቸውም። አንዷን ወረቀት ተቀብለው አልበሙ ውስጥ በክብር ያስቀምጡና ሻይ ያጠጣሉ። ሰውየው የገባው እያለቀሰ ቢሆንም፣ የእሱ ብር ከእንግሊዝ ንግሥት ጎን መቀመጡን አይቶ ቀለል ብሎት ይወጣል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ያልገባኝ ነገር ነበር። የአልበሙ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንዲት ወረቀት ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። የሱዳን ናት። የተጨማደደች፣ ጫፏ የተበላ፣ አረንጓዴ ነገር የነካት፣ ከሁሉም የከፋች። ከዚያች ወረቀት ጎን ማንም አይቀመጥም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ገጹን ገለጥ ያደርጉና «እሷ የበኩር ልጅ ናት» ብለው ወደ ኬንያ ያልፋሉ። እኔም ሆድ ይፍጀው ያሉትን ነገር አልጎረጎርኩም።

የልጃቸው የቃልኪዳን ሠርግ ባለፈው ጥር ነበር። ሙሽራው ጋፋት አካባቢ ተወልዶ እዚሁ ደብረ ታቦር የሚሠራ ትሑት ልጅ ነው፤ ለነገራችን ስለማያስፈልግ በሰላም ጎጆው ውስጥ እንተወው። የሚያስፈልገን አዝማሪው ነው። ሙላቴ ይባላል። አፉ ምላጭ፣ እጁ ወርቅ፣ ግንባሩ ሰፊ፤ ለአዝማሪነት ተመርጦ የተፈጠረ ነው። ዳሱ ውስጥ ገብቶ ማሲንቆውን አስተካከለና የቤቱን እመቤት ፈልጎ አገኘ፤

«አንበሳሜም ሄድኩኝ ሐሙሲትም ሄድኩኝ፣
የትም ብሄድ የትም ዝናሽን ሰማሁኝ።»

ስማቸውም ዝናቸውም በአንድ ቃል ገቡለት። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። እትዬ ዝናሽ የአንበሳሜ ልጅ ናቸው፤ በአገራቸው ስም ሲወደሱ የሚሆኑትን ያጣሉ። መቀነታቸውን ፈትተው ያለችውን ብር ግንባሩ ላይ ለጠፉ። ደገመላቸው፤ ለጠፉ። ሦስተኛ ሲመጣ መቀነቱ ባዶ ነው። ዞር ብለው ዘመዶቻቸውን ብር ጠየቁ። ድሮ ሠርግ የሚሄድ ሰው ኪሱን በዝርዝር ሞልቶ ነበር የሚመጣ። ዘንድሮ ሁሉም ስልኩን ነው ያወጣ። የአዝማሪ ግንባር ላይ ደግሞ ቴሌብር አይለጠፍም።

ሙላቴ ማሲንቆውን እየገዘገዘ፣ ግንባሩን አስግጎ ቆሟል። ሰው ሁሉ ያያል። እትዬ ዝናሽ በዚያች ሰዓት ያሰቡትን ኋላ እሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል። ቤት ውስጥ አንድ አልበም ሙሉ የውጭ ገንዘብ አለ፤ ሙት ነው ሲሉ የኖሩት ለባላቸው ነው እንጂ፣ ሰው ፊት ሲሆን የውጭ ገንዘብ ምንም ቢሆን ከብር ይበልጣል። መጀመሪያ ገጽ ላይ ለብቻው የተቀመጠው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ለምን መጀመሪያ ይቀመጣል? ገብተው አልበሙን ገለጡ፣ ወረቀቷን አወጡ፣ ተመልሰው በምራቃቸው አርሰው የሙላቴ ግንባር ላይ ጠበቅ አድርገው ለጠፏት።

ስለ መለጠፍ ከሆነ ጎረቤታቸው እኔ ነበርኩ፤ ሊያማክሩኝ ይገባ ነበር። አላማከሩኝም። ከኋላ አንዱ ሞኝ «ዶላር ነው!» ሲል ዳሱ እንደገና ተናጋ፤ እትዬ ዝናሽም እስክስታ ወረዱ።

እኔ ከጋሽ ዳኛቸው ጎን ነበር የተቀመጥኩት። ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ ግን እግራቸው መንገድ ሳይጀምር መልሰው ተቀመጡ። ጠላውን መሬት አስቀመጡና በጆሮዬ፣ ከየትኛው ገጽ እንደሆነ ሄደህ እይልኝ አሉኝ። ሄጄ አየሁ። ተመልሼ የመጀመሪያው ነው አልኳቸው። አንዴ አዝማሪ ግንባር ላይ የተለጠፈ ሽልማት ስለት ማለት ነው፤ መልስ የሚል ሰው ሰባት ዘሩ ሲዘፈንበት ይኖራል። የሴት ልጅ ሠርግ ላይ፣ በሚስቱ ደስታ መካከል ገብቶ መልስ የሚል ባል ደግሞ በደብረ ታቦር ገና አልተወለደም። ሙላቴ ግንባሩን አብሶ፣ ወረቀቷን ከሌላው ብር ጋር ኪሱ ከቶ፣ ሲመሽ መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ አልበሙ ከመደርደሪያው አልወረደም። እንግዳ ቢመጣ ሻይ አለ፤ ኬንያ የለም፣ ዛየር የለም። ጋሽ ዳኛቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። እትዬ ዝናሽ፣ ልጅ ተድራ ስትሄድ አባት ቤቱ ይሰፋበታል እያሉ በግ አሳረዱላቸው። ቀመሱላቸውና መልሰው መንገዱን አዩ። ለእኔም ቢሆን ያቺ ወረቀት ምን እንደነበረች አልነገሩኝም፤ ብቻ መከፋታቸውን ሳይ አብሮ ይከፋኝ ነበር።

ነገሩ የፈነዳው በእኔው ጎማ ቤት ነው። አንድ የአንበሳሜ ሚኒባስ ሹፌር ጎማ ተንፍሶበት መጥቶ፣ እኔ ስለጥፍለት እሱ በአገሩ ሰሞኑን የወጣውን ግጥም ያንጎራጉራል። እትዬ ዝናሽ ከአጥሩ ማዶ ልብስ ያሰጣሉ።

«ሠርግ ነው ብለው ጠርተው ተዝካሩን አበሉኝ፣
ግንባሬ ላይ ሬሳ ለጥፈው ሸለሙኝ።»

እትዬ ዝናሽ ልብሱን ጥለው ወደ አጥሩ መጡ። የማን ሠርግ ነው ብለው ጠየቁት። ሹፌሩ ከማን ጋር እንደሚያወራ አላወቀም፤ በደስታ አስረዳቸው። ደብረ ታቦር አንዲት ሴት ለአዝማሪ ዶላር ሸልሜአለሁ ብላ ስትጨፍር፣ ለካ የለጠፈችለት የሱዳን ሙት ብር ኖሯል። ባንኩ ሳቀበት፤ ወርቅ ሻጩ ሳቀበት። እሱም ተናዶ ግጥም አወጣላት፤ አሁን አንበሳሜ ላይ ሠርግ በተጠራ ቁጥር ወረቀቷን ግንባሩ ላይ እየለጠፈ ይዘፍናታል። ሰው በሳቅ ይሞታል። ሹፌሩ እንደገና ሊስቅ ሲል የእኔን ፊት አይቶ አፉን ዘጋ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እትዬ ዝናሽ ላይ ሁለቱም ወደቁ። በአገራቸው፣ በተወለዱበት፣ ስማቸው መሳቂያ ሆነ። በቁጣ ወደ ቤት ሲገቡ ተከትያቸው ገባሁ። በረንዳው ላይ ከባላቸው ፊት ቆመው ያቺ ወረቀት ስንት ዶላር እንደምታወጣ ባስቸኳይ እንዲነግሯቸው ጠየቁ። ዋጋዋን ይዘው አንበሳሜ ሄደው የዚያን ዋልጌ አፍ ሊዘጉ ነው።

ጋሽ ዳኛቸው ዶላር እንዳልሆነች፣ ዛሬ በገዛ አገሯ እንኳ አንድ ብርጭቆ ሻይ እንደማትገዛ ነገሯቸው።

«ታዲያ እንዲህ ከሆነች መጀመሪያ ገጽ ላይ ምን ትሠራለች?» አሉ እትዬ ዝናሽ።

«አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ» አሉ ጋሽ ዳኛቸው።

እትዬ ዝናሽ አልገባቸውም። እኔም አልገባኝም። ጋሽ ዳኛቸው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ ነገሩን አወጡት። ያኔ ሹፌር እንኳ አልነበሩም፤ የከባድ መኪና ረዳት ነበሩ። ከመተማ ተመልሰው አንበሳሜ ገበያ ሲደርሱ መሽቷል። እናታቸው ጌሾ አደራ ብለዋቸው ስለነበር፣ ልትነሣ እቃዋን ከምትሰበስብ ልጅ አንድ ቁና ጌሾ ገዙ። ኪሳቸው ውስጥ የመተማው የሱዳን ወረቀትና የኛ ብር ተቀላቅሎ ነበር፤ በድንግዝግዙ የሰጧት የሱዳኑን ነው። ልጅቷም ሳታይ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ቤቷ ስትደርስ አባቷ ቋጠሮውን ፈትተው ቢያዩ የአረብ ጽሕፈት ነው። ጌሾዬን ለወረቀት ሰጠሽ ተብላ ያደረችውን አደረች።

በሚቀጥለው ገበያ መኪናው ሲመጣ ያቺ ልጅ እጇን ዘርግታ መንገዱ መካከል ቆመች። ሹፌሩ ፍሬኑን ይዞ አቆመ። እሷ ግን ሹፌሩን አላየችውም፤ ከጭነቱ ላይ የተቀመጠውን ረዳት ነው ያየችው። «አንተ!» አለችው። ከአፏ የወጣው የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነበር፤ እስከ ዛሬም አልተለወጠም። ወረቀቱን መልሳ ብሯን ተቀበለችና ሄደች። ወረቀቱ በቋጠሮው ተጨማዷል፤ የጣቷ የጌሾ ቀለም ጠርዙ ላይ ቀርቷል። ረዳቱ ያን ወረቀት ደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያ በኋላ መኪናው ጉዳይ ባይኖረውም እሱ አንበሳሜ ጉዳይ አያጣም ነበር። ሽማግሌ እስኪልክ ድረስ።

«ሌላው ሁሉ የመጣው ከእሷ በኋላ ነው» አሉ ጋሽ ዳኛቸው። «ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው የሰበሰብኩት።»

እትዬ ዝናሽ ተቀመጡ። እጃቸው ሳያውቁት ወደ መቀነታቸው ሄደ። የጌሾው ቀለም አሁንም አለባት ወይ ብለው ጠየቁ። አለ አሏቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም አሉ። ድምፃቸው የቁጣ ይመስላል እንጂ ቁጣ አልነበረም።

«ሁልጊዜ ሙት ብር፣ ሙት ብር ስትይ እሰማለሁ» አሉ ጋሽ ዳኛቸው። «ነግሬሽ፣ እሷንም ሙት ብትያትስ? ፈራሁ።»

እኔ ጎማ ልይ ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ዓይኔ እንባ ስለሞላ ነው። ጎማ ለጣፊ ሲያለቅስ ደግሞ ለደንበኛ ጥሩ አይደለም።

በማግስቱ ማለዳ እትዬ ዝናሽ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው በራፌ ላይ ቆመዋል። አንበሳሜ ገበያ ነው፤ ተነሥ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ አሉኝ። ለምን እኔ ስላቸው፣ የሰደበኝን ግጥም የሰማሁት ካንተ ቤት ስለሆነ ነው አሉ። ይህ ፍርድ የት አገር እንደሚሠራ አላውቅም፤ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መንገድ ላይ አባታቸው ያን ጊዜ ምን ብለው እንደተቆጧቸው አስታውሰው ፈገግ አሉ። ሰውየው ዛሬ ቢኖሩ ለጌሾው ሁለት ቁና ይመርቁ ነበር አሉኝ።

ሙላቴን ለማግኘት አልተቸገርንም። ድምፁ ከአንድ ጠጅ ቤት እስከ ገበያው ይሰማል። ከበሩ ስንደርስ ያቺን ግጥም ጀምሯል። ወረቀቷን ግንባሩ ላይ ለጥፏል፣ ዓይኑን እንደ ሬሳ ገልብጧል፣ ሰው በብርሌው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። እትዬ ዝናሽ በቁጣ ጠጅ ቤቱን ሲንዱት ታየኝ። እሳቸው ግን ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ጨረስክ?» አሉት። «ዝናሽ እኔ ነኝ።»

ሙላቴ ወረቀቷን ከግንባሩ ሊያነሣ እጁን ሰደደና መልሶ ተወው። ሰው ፊት የሰደበውን ሰው ፊት ሲያገኝ አዝማሪም ያፍራል፤ ይህን የተማርኩት ያን ቀን ነው። እትዬ ዝናሽ አላዋረዱትም። ከመቀነታቸው ሁለት ድፍን ባለ ሁለት መቶ ብር አውጥተው፣ የቀድሞው ሽልማት በስሕተት የተሰጠ መሆኑን፣ ይህ በምትኩ መሆኑን፣ ወረቀቷን ግን መልሶ እንዲሰጣቸው በልመና ቃል ነገሩት። እኔ እትዬ ዝናሽ ሲለምኑ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሙላቴ ብሩን አልተቀበለም። ነገር የማይገባው መስሎኝ ልናደድ ስል እንዲህ አለ፤

«እመቤቴ፣ ይቺ ሙት ከሕያው ብር የበለጠ እያበላችኝ ነው። ሰው እሷን ሊያይ ነው የሚጠራኝ። እሷን ወስደው አፌን ባዶ አያድርጉት። ገንዘቡ ይቅርብኝ፤ ለምን እንደፈለጓት ይንገሩኝ።»

ዘፈን የሚገዛው በነገር ነው ማለቱ ነው። እትዬ ዝናሽ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ብርሌው አየሁ። ከዚያ እዚያው፣ ጌሾ ሲሸጡ ካደጉበት ገበያ ዳር፣ ባዳና ዘመድ በተሰበሰበበት ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረው አወሩት። ድንግዝግዙን፣ መቀነቱን፣ የአባታቸውን ቁጣ፣ መንገድ መካከል መቆማቸውን፣ «አንተ!» ማለታቸውን። ባላቸው ወረቀቷን ደብቆ መኖሩ ላይ ሲደርሱ፣ ለካ ይወደኝ ኖሯል አሉ፤ ሦስት ልጅ የወለዱለትን ሰው። ጠጅ ቤቱ ውስጥ የሚስቅ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ፣ ድሮ በዚያ መንገድ መካከል የቆመች አንዲት ደፋር ልጅ አስታውሳለሁ ብለው ማሉ። ውሸት ነው፤ ግን ጥሩ ውሸት ነው።

ሙላቴ ወረቀቷን ከግንባሩ ቀስ ብሎ ላጣት። በጋቢው ጫፍ ላቡን አደራረቀና በሁለት እጁ ሰጣቸው። ከዚያ ማሲንቆውን አንሥቶ ጥቂት አሰበ፤ ብዙም አላሰበም፤

«ሙት ነው ብዬ ነበር ታሪኩን ሳላውቀው፣
ለካስ እሱ ኖሯል ጎጆውን ያሞቀው።»

እትዬ ዝናሽ ተነሥተው አንዱን ባለ ሁለት መቶ ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ይኸኛው ሕያው መሆኑን ባንክ ወስደህ አረጋግጥ አሉት። ጠጅ ቤቱ ያን ጊዜ ነው የሳቀው። ሰው ሁሉ ከየኪሱ እየፈለገ ለጠፈ፤ የሙላቴ ግንባር አልበቃ ብሎ ጉንጩ ላይ ደረሰ። ስንወጣ አዲሲቱን ግጥም ሁሉም ይቀበላት ነበር። በዚያው ሳምንት የሚኒባስ ሹፌሮች ይዘዋት ደብረ ታቦር ገቡ፤ የተዝካሩ ግጥም ተረሳች።

ደብረ ታቦር ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ጋሽ ዳኛቸው እንደለመዱት በረንዳው ላይ ናቸው። የት እንደሄድን ማንም አልነገራቸውም፤ ግን የሚስታቸውን የክት ቀሚስ፣ ከኋላቸውም የእኔን መከተል አይተው ነገር እንዳለ ገብቷቸዋል። ጠየቁን። እኔ አፌን ልከፍት ስል እትዬ ዝናሽ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

መቀነታቸውን ፈቱ። ወረቀቷን እንደ ጥንቱ ጫፉ ላይ ቋጥረዋት ነበር። አወጧት፣ በአውራ ጣታቸው አስተካከሏት፣ በምራቃቸው አረሷት፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው የባላቸው ግንባር ላይ ለጠፏት። ጋሽ ዳኛቸው መላጣ ናቸው፤ ቦታ አልጠፋም።

«ጡረተኛህን አመጣሁልህ» አሉ።

ያ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ጋሽ ዳኛቸው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡና ሳይነኩት መለሱ። ሊስቁ ፈልገው ወረቀቷ እንዳትወድቅ ሳቃቸውን ያዙ፤ እንባቸውን ግን መያዝ አልቻሉም። እትዬ ዝናሽ ወደ ቤት ገብተው ሳጥኑን ሲከፍቱ፣ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ሰማን። ትንሽ ቆይተው የሠርጋቸውን አንድ ፎቶና አልበሙን ይዘው ወጡ። ሙሽሪት በፎቶው ውስጥ ኮስተር ብላለች፤ መንገድ መካከል ቆማ ከባድ መኪና ያስቆመች ልጅ መሆኗ ያስታውቃል። እትዬ ዝናሽ መጀመሪያውን ገጽ ገልጠው ፎቶውን በአንደኛው ወገን አስገቡ፤ ሌላኛውን ወገን ባዶ ትተው ጠበቁ።

ጋሽ ዳኛቸው ግን ወረቀቷን ከግንባራቸው ለማንሣት አልቸኮሉም። ሻይ መጣ፤ እንደተለጠፈች ጠጡ። እኔንም ሁለተኛ ብርጭቆ ጋበዙኝ።